ሲሙ በማን ስም ነው?

በመተማ ተሻግረው ጀሪፍ የሚደርሱ ነጋዴዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ዘይን ይሻላል፣ ሱዳኒ ወይስ ኤምቲኤን?» ብለው ነው። መልሱ እንደየሰፈሩ ይለያያል፤ ጎረቤትን ጠይቆ ኔቱ ቤት ውስጥ የሚይዘውን መግዛት ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት «ሲሙ የሚወጣው በማን ስም ነው?» የሚለው ነው እላለሁ።

ብዙዎቻችን የምንሠራው በሰው ስም በወጣ ሲም ነው። ወረቀት የሌለው በደላላ ወይም በአከራይ ስም ያስወጣል። ፓስፖርቱና ኢቃማው ያለው እንኳ ወረፋ ላለመጠበቅ ተመዝግቦ ያለቀ ሲም መንገድ ላይ ይገዛል። ከዚያ በዚያ ቁጥር ዋትስአፕ ይከፍታል፤ ደንበኛው፣ የዕቃው ፎቶ፣ የዱቤው ሒሳብ፣ የቤተሰቡ መልእክት ሁሉ በዚያ ይመጣል። ዲፕሎማዬን ስማር የደንበኛ እምነትም እንደ ዕቃው ሀብት ነው ብለው አስተምረውናል። ዛሬ ያ ሀብት ያለው ስልክ ቁጥራችን ላይ ነው።

ባለስሙ አንድ ቀን ቢጣላንና «ሲሜ ጠፋ» ብሎ ምትክ ቢያወጣ በእጃችን ያለው ይሞታል። በቁጥሩ ዋትስአፓችንን ከፍቶ ከደንበኞቻችን ገንዘብ ቢጠይቅስ? ለማን አቤት እንላለን? ውሉ የእኛ አይደለም።

«ኔት ሲዘጋ ለሁሉም ነው የሚዘጋው፣ ስም ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። በ2011 እዚህ ሱዳን የሞባይል ኢንተርኔት ከግንቦት 26 እስከ ሐምሌ 2 ተዘግቶ ነበር። አብደልአዚም ሐሰን የተባለ ጠበቃ ዘይንን ከሶ ሲረታ ኢንተርኔቱ የተመለሰው መጀመሪያ ለእሱ መስመር ብቻ ነበር፤ የከሰሰው በራሱ ስም ነውና። ሁላችንም ፍርድ ቤት እንሂድ ማለቴ አይደለም። ግን መብት የሚጠይቀው ስሙ ውሉ ላይ ያለ ሰው መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ስለዚህ ወረቀት ያላችሁ በወንድም፣ በጓደኛ ስም አትበሉ፤ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ በስማችሁ አውጡ። ወረቀት የሌላችሁ ዋትስአፑን በሱዳን ቁጥር አትክፈቱት። ከአገር ቤት ሳትነሡ በስማችሁ ባለው የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ክፈቱት። እዚህ ስትደርሱ የሱዳኑን ሲም ለዳታ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ዋትስአፑ በአገር ቤቱ ቁጥር ይሠራል። «ቁጥር ልቀይር?» ብሎ ቢጠይቃችሁ እንቢ በሉት። ባለ ስድስት አኃዝ የሚስጥር ቁጥሩንም አብሩ። የአገር ቤቱ ሲም ሳይሠራ ብዙ ቆይቶ እንዳይዘጋ አልፎ አልፎ ካርድ ሙሉበት። ድንበሩ ላይ ስልኩ በራሱ የወዲያ ማዶውን ኔት ስለሚይዝ፣ ሒሳቡ እንዳይበላባችሁ የሮሚንግ ዳታውን አጥፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው 2011፣ ከሰኔ 15 በኋላ በኢትዮጵያም ኢንተርኔት ለቀናት ተዘግቶ ስለነበር በሁለቱም ወገን ጨለማ ነበር። በ2014ም እዚህ ከጥቅምት 15 እስከ ኅዳር 9 ድረስ ያለ ሞባይል ኢንተርኔት ቆይተናል። በስም የወጣ ሲምም ያኔ ዳታ አይሰጥም። ስለዚህ የደንበኛ፣ የሹፌርና የቤተሰብ ቁጥር በደብተር ይጻፍ፤ መደወል ሲቻል ቢያንስ ለማን እንደምንደውል እናውቃለን።

ሱቅ ስንከራይ ውሉን አይተን ነው የምንፈርመው። ስልክ ቁጥራችንም ሱቃችን ነው፤ በሰው ስም አንክፈተው።