እህቴን ማን ይጥራት?

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ሩር ሲመቱ በነበረ ዘመን ነው። ዛሬ በእኛ ቀዬ ሩሩም የለ፣ ሜዳውም ታርሷል። ስለዚህ እኔ በገና ሰበብ ጌቶቹን ብቆጣ ነውር የሚሆንብኝ አይመስለኝም።

የተቆጣሁት በ2014 ገና ነው። መንግሥት በውጭ አገር ያለው ወገን አንድ ሚሊዮን ሆኖ ለታኅሣሥ 29 አገሩ እንዲገባ ጥሪ አደረገ። አየር መንገዱ የትኬት ዋጋ ቀነሰ፤ ሆቴሎች ተከተሉት። የእኛይቱ ደሴ በጥቅምት ተይዛ ኅዳር 27 ነበር የተለቀቀችው፤ ገና የደረሰው ሰው ሬሳውን ቀብሮ፣ የተዘረፈውን ቆጥሮ ሳይጨርስ ነው።

ታላቅ ወንድሜም ጥሪውን ሰምቶ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ከቨርጂኒያ መጣ። ከአዲስ አበባ አራት መቶ ኪሎ ሜትር በመኪና ተጉዞ፣ ደሴ ዘመድ ቤት አድሮ፣ በማግስቱ ገራዶ እናታችን ቤት ወረደ። ጎረቤቱ «ዲያስፖራው መጣ!» እያለ ግር ብሎ ወጣ። ልጆቹ አውድማ ላይ የሚዞሩትን በሬዎች ቪዲዮ አነሱ። ወንድሜን አልነቅፈውም፤ ለተዘረፈው የደሴ ሆስፒታል ሁለት ሻንጣ መድኃኒት ተሸክሞ ነው የመጣው። የእናቴን እጅ ይዞ እንደ ሕፃን ሲያለቅስም አይቻለሁ።

ማታ ስልኩ ጮኸ። ከጅዳ ታናሽ እህታችን ናት፣ በኢሞ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «በጉ ሰባ ወይ?» የሚል ነበር። እናቴ «ሰብቶልሻል ልጄ» አለቻት። ለካ በጉ የተገዛው እሷ በሐዋላ በላከችው ብር ነው! ልብ በሉ፤ አባታችን ሙስሊም፣ እናታችን ክርስቲያን ናቸው፤ እህቴ በአባቷ ሃይማኖት ስለጸናች ከዚያ በግ ሥጋ አንዲት ጉርሻ አትቀምስም። ወሎ እንዲህ ነው፤ ለማትበላው በግ ትከፍላለች። ወንድሜ ልጆቹን ያስተኛበት ቆርቆሮ ቤትም የእሷ ላብ ነው። በ2004 ከሄደች ወዲህ ግን የቤቱን ጣራ በስልክ መስኮት እንጂ በዓይኗ አላየችውም።

አንባቢ ሆይ፣ ከሁለቱ የትኛው ነው ዲያስፖራ?

መልሱን ስሙ ራሱ ይነግርዎታል። ከዋሽንግተን የመጣው «ዲያስፖራ» ይባላል፤ ከጅዳ የመጣችው «ከስደት ተመላሽ» ትባላለች። አንዱ እንግዳ፣ ሌላዋ ሸክም። የሌላ አገር ዜግነት ለወሰደው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከአዋጅ ቁጥር 270/1994 ጀምሮ ቢጫ ካርድ አለው፤ ያለ ቪዛ ይገባል፣ እንደ አገሬው ባለሀብት ይቆጠራል። ደግ ነው፤ ማን ይጠላል? ፓስፖርቷን ያልቀየረችው እህቴ ግን ያ ፓስፖርት በእጇ የለም፤ አሠሪዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። በሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ከአገር የምትወጣው አሠሪዋ ሲፈቅድ ነው። በመጋቢት 2013 እዚያ የሠራተኛ ሕግ ተሻሻለ ተብሎ ሲወራ እልል ብለን ነበር፤ የቤት ሠራተኞች ግን ከማሻሻያው ውጭ ቀሩ። የትኬት ቅናሽ ለእሷ ምኗ ነው?

ብዙዎቹ በሕገወጥ መንገድ ነው የሄዱት የሚለኝ አይጠፋም። እህቴስ ቪዛ ተመቶላት በቦሌ ነው የወጣችው። ይሁን፣ ስለ ሌሎቹም እንነጋገር። በጥቅምት 2006 ወደ ዐረብ አገር ለሥራ መሄድ ታገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ቆየ። ሕጋዊው በር ሲዘጋ ረሃቡ አብሮ አልተዘጋም። ከኮምቦልቻ ቁልቁል በባቲ አድርጎ፣ የአፋርን በረሃ በእግሩ አቋርጦ፣ ኦቦክ ላይ ጀልባ የጠበቀው የወሎ ልጅ መንገዱን በምርጫው የያዘ ይመስል «ሕገወጥ» ይባላል። እገዳው በወጣ በማግስቱ ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተጠራርጎ ተመለሰ። የአክስቴ ልጅ አንዷ ነበረች፤ በነጠላ ጫማ፣ ፌስታል አንጠልጥላ ገባች። ሰፈራችን «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብሎ ነው የተቀበላት። እኔም ከጠያቂዎቹ መካከል ነበርኩ። ከዓመት በኋላ ባቲን ይዛ ተመለሰች፤ ማን ይፈርድባታል?

የ2014ቱ ጥሪም የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው። ቦሌ በእንግዳ አቀባበል ሲደምቅ፣ በዚያው ክረምት በማያውቀው በጋ በሳዑዲ ማጎሪያዎች በሺህ የሚቆጠር ኢትዮጵያዊ እርስ በርሱ ተደራርቦ ይተኛ ነበር። ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ዜጋ የመመለሱ ሥራ የተጀመረው በመጋቢት ነው፤ ገና አልፎ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ጾም ተገብቶ። አንዱን ወገን ለበዓል ሌላውን ለጾም የሚጠራ ደጋሽ ምን ዓይነት ደጋሽ ነው?

«የውጭ ምንዛሪ» ይሉናል። የእህቴ ሪያል ምንዛሪ ካልሆነ የእናቴ መድኃኒት፣ የወንድሞቼ ልጆች ደብተር፣ ያ በግ በምን ተገዙ? ወንድሜ ራሱ ያን ምሽት ስልኩ ሲዘጋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «ትኬቱን እኔ ብልክላትስ?» አለኝ። ትኬቱ አይደለም ችግሩ አልኩት።

ለሚቀጥለው ገና፣ ወይም ለአረፋ፣ የጥሪ ደብዳቤ የሚጽፍ ሹም ካለ አድራሻውን ልጠቁም። እህቴ ጅዳ ናት። ማታ ከአምስት ሰዓት በኋላ ትገኛለች፤ ከዚያ በፊት ሥራ ላይ ናት። ደብዳቤው ግን ለእሷ ሳይሆን ለአሠሪዋ ይጻፍ፤ ስልኩ እኔ ዘንድ አለ።