አንድ ጠንካራ ራውተር ወይስ የሜሽ ስብስብ?

ሳሎን ውስጥ ቪዲዮው ያለ እንከን ይሄዳል፤ መኝታ ቤት ሲገባ ይንቀራፈፋል፤ ሰርቪስ ቤቱ ጋ ሲደርስ ጭራሹኑ ይጠፋል። መፍትሔ ፍለጋ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የገባ ሰው ሁለት ዓይነት ምክር ይጠብቀዋል። አንዱ ሻጭ ስድስት ወይም ስምንት አንቴና ያቆመ ትልቅ ራውተር አንሥቶ «ይሄን ግድግዳ አይበግረውም» ይላል። ሌላው በአንድ ካርቶን የታሸጉ ሁለት ሦስት ትንንሽ ዕቃዎች አውጥቶ «የድሮውን ይርሱት፤ አሁን ሜሽ ነው» ይላል። ሁለቱም የእውነት ድርሻ አላቸው። ሁለቱም ግን ከሽያጩ በፊት መጠየቅ የነበረባቸውን አልጠየቁም፦ ቤቱ የተሠራው ከምንድን ነው? የሚገባው መስመርስ ምን ያህል ይሰጣል?

ከመስመሩ እንጀምር። በዋይፋይ የሚሳበበው ሁሉ የዋይፋይ ጥፋት አይደለም። መለየት ቀላል ነው፤ ላፕቶፕን በኬብል ከሞደሙ ጋር ማገናኘት፣ ኬብል ከሌለም ስልክ ይዞ ሞደሙ አጠገብ ቆሞ ፍጥነቱን መለካት ነው። እዚያም ላይ ከተከፈለበት በታች ከሆነ ችግሩ ያለው መስመሩ ላይ ነው፤ ያንን የትኛውም ራውተር አይፈውሰውም። እዚያ ደህና ሆኖ ጓዳ ሲደርስ ከወደቀ ግን ጉዳዩ ቤት ውስጥ ነው። የፍላጎትን ልክ ማወቅም ይረዳል። ኔትፍሊክስ ለፉል ኤችዲ 5፣ ለ4ኬ ደግሞ 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይመክራል። የ10 ወይም የ25 ሜጋ መስመር ያለው ቤተሰብ በሺዎች የሚቆጠር ሜጋ የሚያስተላልፍ ራውተር ቢገዛ ትርፉን የሚያይበት ቦታ የለም።

ቀጥሎ ግድግዳው ይመጣል። ዋይፋይ በዋናነት የሚሠራው በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ሞገዶች ነው፤ አዳዲሶቹ ዕቃዎች ላይ 6 ጊጋኸርዝ ተጨምሯል። 2.4 ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል። ጉድለቱ ጠባብነቱ ነው፤ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት ቻናሎቹ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ጎረቤት በተደራረበበት ኮንዶሚኒየም ሁሉም እዚያው ላይ ይጋፋል፤ ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚረብሹት ይህንኑ ሞገድ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። 6 ደግሞ ከእሱም ይብሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በምክሩ ምንጭ ነው። ስለ ራውተር በዩቲዩብ የምናያቸው ግምገማዎች ብዙዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። እዚያ የመኖሪያ ቤት የውስጥ ግድግዳ በአብዛኛው በእንጨት ማገር ላይ የተመታ ጂፕሰም ቦርድ ነው፤ ሞገድ ብዙም ሳይቸገር ያልፈዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን የአዳዲሶቹ ቤቶች ግድግዳ በአብዛኛው በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት፣ በፎቅና በፎቅ መካከል ያለው ደግሞ ብረት የታሰረበት አርማታ ነው። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ዘመድ «እኔ ጋ አንዱ ብቻ ሦስቱንም ፎቅ ያዳርሳል» ቢል እውነቱን ነው፤ ምስክርነቱ ግን አዲስ አበባ አያት ሰፈር ላለ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አያገለግልም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሽፋን ስፋትም እንዲሁ ለምቹ ሁኔታ የተሰላ ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ጉዳዩን ከሁሉም አብልጠው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በተሠሩ ቤቶች የሚገኘው ማማድ፣ ማለትም ከሮኬት መጠለያ የሆነው ክፍል፣ በወፍራም አርማታና በብረት በር ስለሚታጠር ዋይፋዩም ብዙውን ጊዜ ደጅ ይቀራል።

እንግዲህ ሁለቱን ወገኖች እናድምጥ። ለአንድ ራውተር የሚሟገቱት የሚያነሡት ነጥብ ጠንካራ ነው። ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ደህና ራውተር በቂ ነው፤ ካልበቃም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቦታ ነው። ባለሙያው መስመሩን ሲያስገባ ዕቃውን የሚያስቀምጠው ገመዱ ግድግዳ በስቶ በገባበት ጥግ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ለዓይን እንዳያስጠላ ከቴሌቪዥን ጀርባ ይሸጉጠዋል ወይም ቡፌ ውስጥ ይዘጋበታል። ያንኑ ዕቃ በጥቂት ሜትር ኬብል ወደ ቤቱ መሐል ማምጣት፣ ከወለል አንሥቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ ከፍሪጅ፣ ከትልቅ መስታወትና ከብረት በር ማራቅ ብቻውን አዲስ ዕቃ ከመግዛት ሊያድን ይችላል። ሌላም ጥቅም አለው፦ በአንድ ዕቃ ላይ የወጣ ገንዘብ ለሦስት ከተከፋፈለው የተሻለ ራውተር ይገዛል። የሚበላሸውም፣ የሚጠበቀውም፣ ሶኬት የሚፈልገውም አንድ ብቻ ነው። ቻናል መምረጥ፣ የልጆችን ሰዓት መወሰን፣ የእንግዳ ኔትወርክ መክፈት የሚፈልግ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ሰፋ ያለ ምርጫ ያገኛል።

ነገር ግን የዚህ ወገን ትልቁ የሽያጭ ቃል፣ ማለትም የአንቴና ብዛት፣ ርቀትን አይገዛም። ራውተር የሚለቀው ኃይል በሕግ የተወሰነ ነው፤ ለምሳሌ አውሮፓ ውስጥ በ2.4 ጊጋኸርዝ ከ100 ሚሊዋት አይበልጥም። ባለ ስምንቱ አንቴናም ሆነ ባለ አራቱ ለዚሁ ጣሪያ ይገዛሉ። ተጨማሪ አንቴና የሚጠቅመው ብዙ መረጃ ጎን ለጎን ለማስተላለፍና ደካማ ሲግናል አጣርቶ ለመስማት ነው። ደግሞም ግንኙነቱ የሁለት ወገን ነው፤ ስልኩም መመለስ አለበት። የስልክ አንቴና ትንሽ፣ ጉልበቱም ባትሪ የሚቆጥብ ነው። ምልክቱ እየታየ ገጹ አልከፍት የሚለው አንዳንዴ ራውተሩ ለስልኩ እየተሰማ ስልኩ ለራውተሩ ባለመሰማቱ ነው። ሦስት የብሎኬት ግድግዳና አንድ ሶሌታ በመካከል ካሉ የትኛውም ነጠላ ራውተር አይወጣውም።

የሜሽ ወገን የሚነሣው ከዚህ ነው። ሞገዱ ግድግዳውን ካላለፈ ዕቃውን ከግድግዳው ማዶ ማምጣት ነው። በቢሮና በዩኒቨርሲቲ የቆየው ይህ ዘዴ ለመኖሪያ ቤት በስፋት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ኢሮ፣ ጉግል ዋይፋይና ኔትጊር ኦርቢ የተባሉት ስብስቦች ገበያ ሲገቡ ነው። አማዞን ኢሮን በ2019 ገዛው፤ የቲፒ ሊንክ ዴኮም ተከትሎ መጣ። በየክፍሉ የሚቀመጡት የስብስቡ ዕቃዎች፣ ማለትም ነጥቦቹ፣ ሁሉም በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ይሠራሉ፤ ከሳሎን ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወጣ ሰው ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ወሬው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በርካሽ ከሚሸጠው ሶኬት ላይ ከሚሰካው ማራዘሚያ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ማራዘሚያው ብዙ ጊዜ ከዋናው ጋር አይነጋገርም፤ ስልኩም የደከመውን ሲግናል የሙጥኝ ብሎ ይቆያል። መሸጋገሩን የሚወስነው ሁልጊዜም ስልኩ ራሱ ቢሆንም፣ ጥሩ ሜሽ «ወደዚያኛው እለፍ» ብሎ ይጠቁመዋል። የአተካከሉ ቅለትም አይናቅም፤ በስልክ መተግበሪያ እየተመሩ ቴክኒክ የማያውቁ ወላጆችም ሊጨርሱት ይችላሉ።

ሜሽም ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋው ብር ብቻ አይደለም። አንድ ሬዲዮ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ ወይ ይሰማል ወይ ይናገራል። ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው የሰማውን በዚያው ሞገድ ለስልኩ ሲያስተላልፍ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ሲቀበል ደግሞ እንደገና። ለዚህ የመጣው መፍትሔ ሦስት ሬዲዮ ያለውና አንዱን ለነጥቦቹ መነጋገሪያ ብቻ የሚለይ ዓይነት ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ብዙ ገዢ የሚፈጽመው ስሕተትም አለ፦ ሁለተኛውን ነጥብ ዋይፋይ በሌለበት ክፍል ውስጥ መትከል። ያልሰማውን ሊያስተላልፍ አይችልም፤ ቦታው ሲግናሉ ገና ደህና ሆኖ በሚደርስበት መካከለኛ ስፍራ ነው። የአንዱ ኩባንያ ሜሽም ከሌላው ጋር በቀላሉ አይግባባም፤ ዛሬ የተገዛው ምርት ነገ ከገበያ ቢጠፋ ስብስቡን ማስፋት ይቸግራል። አንዳንዶቹ ደግሞ ያለ ኩባንያው መተግበሪያና አካውንት አይተከሉም።

መብራት ሲጠፋ ሚዛኑ ወደ ነጠላው ራውተር ያጋድላል። ብዙ ራውተሮች የሚሠሩት በ12 ቮልት ሲሆን ፍጆታቸው ከአንድ አነስተኛ አምፖል አይበልጥም፤ የራውተር ትንሽ ዩፒኤስ ለሰዓታት ሊያቆያቸው ይችላል። የፋይበር መስመር በመንገድ ላይ ያሉት ማከፋፈያዎቹ ኤሌክትሪክ ስለማይፈልጉ፣ ቤት ያሉት ሞደምና ራውተር ባትሪ ካላቸው ሰፈሩ ጨልሞም ኢንተርኔቱ ሊቀጥል ይችላል። ሦስት ነጥብ ያለው ሜሽ ግን ሦስት ባትሪ ይጠይቃል። ዩፒኤስ ሲገዛ ቮልቱ በራውተሩ አዳፕተር ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል መሆኑን ማየት ግድ ነው፤ ባለ 9 ቮልቱን በ12 ማንሣት ዕቃውን ሊያቃጥለው ይችላል።

በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር የሚጠቀም ቤት ደግሞ የተለየ እንቆቅልሽ አለበት። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በዚህ መንገድ ያገለግላሉ። ይህ ዕቃ ከውጭ የሚመጣውን ኔትወርክ በደንብ ለመቀበል መስኮት ይፈልጋል፤ ዋይፋዩን በደንብ ለማከፋፈል ግን የቤቱን መሐል ይሻል። ሁለቱን ለማስታረቅ የሲሙን ዕቃ መስኮት ላይ ትቶ ሁለተኛ ዕቃ መሐል ላይ መጨመር ይበጃል።

ይህ ወደ ሦስተኛው መንገድ ያመራናል፤ ሻጮች እምብዛም የማያነሡት፣ ባለሙያዎች ግን አስቀድመው የሚጠይቁት ኬብል ነው። ካት 5ኢ የሚባለው ተራ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋ ቢት በሰከንድ ያደርሳል፤ ግድግዳ አያደክመውም፤ ከየትኛውም የቤት ዋይፋይ ይልቅም የተረጋጋ ነው። ከታች ወደ ላይኛው ፎቅ ወይም ወደ ሰርቪስ ቤቱ አንድ ኬብል ከተዘረጋ በጫፉ ላይ ሜሽ ነጥብ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ የግማሽ በግማሽ ኪሳራው ይቀራል። አሮጌ ራውተርን በአክሰስ ፖይንት ሁነታ፣ ማለትም አድራሻ ሳያድል ዋይፋይ ብቻ እንዲለቅ አድርጎ መጠቀምም ይቻላል፤ ያኔ ወጪው የኬብሉ ብቻ ነው። የተከራየ ሰው ግድግዳ መብሳት ላይፈቀድለት ይችላል፤ ለእሱ ገመድ አልባው ሜሽ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ቤት እየሠራ ያለ ሰው ግን ልስኑ ሳይመታ ለኔትወርክ ኬብል ቱቦ ቢያስቀብር በኋላ ይመሰገንበታል። የፋይበር ሞደሙን አውልቆ በተገዛ ተራ ራውተር መተካት እንደማይቻልም ይታወቅ፤ አዲሱ ዕቃ ከሞደሙ ቀጥሎ ነው የሚገባው። ሁለቱም አድራሻ እንዳያድሉና እንዳይጋጩ አዲሱን በአክሰስ ፖይንት ሁነታ ማድረግ የተለመደው መፍትሔ ነው።

የካርቶን ቁጥሮች ሁለቱንም ወገን ያስታሉ። ኤኤክስ 3000 የሚለው 574 እና 2402 ተደምሮ የተጠጋጋ ነው፤ የመጀመሪያው የ2.4፣ ሁለተኛው የ5 ጊጋኸርዝ የወረቀት ፍጥነት ነው። አንድ ስልክ በተለመደው አሠራር የሚይዘው አንዱን ብቻ ስለሆነ ድምሩን አያየውም። ርካሽ የሆኑ ባለ 1200 ራውተሮች የኬብል መሰኪያቸው 100 ሜጋ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ መስመር ያለው ሰው ይህን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2019 ማረጋገጫ መስጠት የተጀመረለት ዋይፋይ 6 ብዙ ስልክና ቴሌቪዥን ለሚጋራው ቤት አየሩን በተሻለ ያከፋፍላል፤ ዛሬ ለአብዛኛው ቤት ከበቂ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የመጣው ዋይፋይ 7 ሙሉ ጥቅሙን የሚሰጠው ስልኩም ዋይፋይ 7 ሲሆን ነው።

ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ሰውም ሁለት ነገር ይይ። አዳፕተሩ ላይ 220 ቮልትን የሚያካትት ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል፣ ከሌለ የእኛ 220 ቮልት ሊያቃጥለው ይችላል። ሲም የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ኩባንያ የተቆለፈ አለመሆኑንና እዚህ ያሉትን ሞገዶች መቀበሉን ማረጋገጥ አለበት። ጥገናና ዋስትናውም ባሕር ማዶ እንደሚቀር ይታሰብ።

አስተማማኝነት በመጨረሻ የሚለካው በጥገና ነው። የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚያወጣ ኩባንያ መምረጥ፣ አዲሱ የዋይፋይ ደኅንነት መቆለፊያ የሆነው ደብሊውፒኤ 3 መኖሩን ማየት፣ ከፋብሪካ የመጣውን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ወዲያው መቀየር፣ ዕቃውን ከሙቀትና ከአቧራ መጠበቅ ለነጠላውም ለሜሹም እኩል ይሠራል።

ሚዛኑን ስናይ እንግዲህ፦ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ቤተሰብ አንድ ደህና የዋይፋይ 6 ራውተር መሐል ላይ ተቀምጦ ይበቃል፤ ሜሽ ለእሱ ትርፍ ወጪ ነው። ፎቅ ወይም ሰርቪስ ላለው፣ ኬብል መዘርጋት ለሚችል ሰው ሁለት ዕቃ በኬብል የተገናኙበት አሠራር ከሁለቱም ይበልጣል። ኬብል ለማይቻልበት ሰፊ ቤት ሜሽ ዋጋውን ያወጣል፤ ባለ ሦስት ሬዲዮው ቢሆን ይመረጣል፣ ነጥቦቹም ከሁለት ባይበልጡ ጥሩ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ያለውን ራውተር ከቡፌው አውጥተው መሐል ላይ ያስቀምጡና ይለኩ፤ ሱቅ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው።