አሥር ሊትር ለወርቃማ ዓሣ አይበቃም

ለጀማሪ የሚመቸው ትንሽ አኳሪየም ነው፤ 10 ሊትር ውኃም ለአንድ ወርቃማ ዓሣ ይበቃል የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ፈጽሞ አልስማማም። ውኃው ባነሰ ቁጥር ስሕተት ፈጥኖ ይገድላል፤ የተረፈው ምግብና የዓሣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፣ የሚያቀጥነው በቂ ውኃ ግን የለም። ወርቃማ ዓሣ ደግሞ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። እዚያ ውስጥ ማጎር ግፍ ነው!

ለ10 ሊትር የሚስማማው ቼሪ ሽሪምፕ ነው፤ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በጥቃቅን እግሮቹ ጃቫ ሞስ ከተባለው የውኃ ተክል ላይ አልጌ ሲለቅም የሚውል። ከተክል አኑቢያስ ይጨመርበት፤ ወፍራም አግድም ግንዱ ግን አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ስለሚበሰብስ ከድንጋይ ጋር በክር ይታሰር። ሽሪምፑ የሚገባው አሞኒያን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች በደንብ ከተባዙ በኋላ ነው፤ ይህም ሳምንታት ይፈጃል። ጽሑፉ ግን ውኃው በተሞላበት ዕለት ዓሣ አስገቡ ይለናል።