ከማስተላለፋችን በፊት እንጠይቅ

ማታ ከእራት በኋላ አንዱ ጓደኛችን ስልኩን ከፍቶ «ኧረ ይህንን እዩ!» ሲል ሁላችንም ከአልጋችን ተነሥተን እንከበዋለን። አንድ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩም ሦስት መስመር ጽሑፍ አለ። ማን አነሣው? የት? መቼ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወሬው ሕንፃውን ያዳርሳል፤ ከሰዓት አብረን ስናጠና የዋልን ልጆችም በጎን መተያየት እንጀምራለን። ይህ ያልደረሰበት ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም።

እኛ በጅግጅጋ የምንማር ወጣቶች ከየማዕዘኑ በምደባ የተሰባሰብን ነን። የአንዳችን ወላጆች ጎጃም፣ የሌላችን ወለጋ፣ የሌላችንም ደገሐቡር ወይም ቶጎ ውጫሌ ናቸው። ስለዚህ በየትም ስፍራ የሚነሣ ወሬ በዚህ ግቢ ውስጥ ዘመድ አያጣም።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው አጠገብ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በፌስቡክ ላይ ከውንጀላ ጋር ወጥቶ ነበር። ልጃቸው በ2015 ዓ.ም. ኩባንያውን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ኩባንያው ሊጠየቅ ይገባል፤ ሰው የሚቆጣበትን ነገር ሁሉ ወደ ላይ እያወጣ የሚነግድ እርሱ ነውና። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚጽፈው አንድ ሰው ቢሆን፣ የሚያዳርሰው ብዙ ሰው ነው። ከብዙዎቹ መካከል እኛ የለንበትም ብለን በድፍረት መናገር እንችላለን?

«ታዲያ መስመሩ ቢዘጋ አይሻልም?» የሚሉ አሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ሁከት ተነሥቶ ሰዎች ሲሞቱና አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። መስመር ሲቋረጥ ግን ሐሰቱ ብቻ አይዘጋም፤ እውነቱን የምናጣራበት መንገድም አብሮ ይዘጋል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ሐሰተኛ መረጃን የሚያሰራጨውን ይቀጣል፤ ቅጣት ግን የሚመጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚጠብቀን የራሳችን ልምድ ብቻ ነው።

ይህም ልምድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአገሬው ሰው ሲገናኝ «ኢስካ ዋራን» ይላል፤ የራስህን ወሬ ንገረኝ ማለት ነው። ሰው የሚጠየቀው ስለ ራሱና ስለሚያውቀው ነው። አማርኛውም «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይላል። ሁለቱም አባባሎች ከስልክ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ለስልክ ዘመን ግን ይበልጥ ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከየአካባቢው ወሬ ሲመጣ ማኅበራችን የዚያን አገር ልጆች ሰብስቦ ወደ ቤተ ሰቦቻቸው ያስደውል፤ የተገኘውንም፣ ገና ያልተረጋገጠውንም ለይቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን በመጀመሪያው ዓመት የሎጂክ ትምህርት ስለ ተሳሳተ አስተሳሰብ ሲያስተምሩ ምሳሌውን ከባዕድ መጽሐፍ ሳይሆን ከስልካችን ያምጡልን። ቀን በፈተና ላይ ስሕተቱን ለይተን ማታ በዚያው ስሕተት የምንታለል ከሆነ ምን ተማርን ይባላል? ሦስተኛ፣ ስሙ ወይም ፎቶግራፉ ያለ አግባብ የተለጠፈበት ጓደኛ ሲኖር ከጎኑ እንቁም እንጂ አንሳቅበት። ብቻውን የቀረ ሰው በቶሎ ይሰበራል።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ መጀመር እንችላለን። «ይህንን እዩ!» የሚል ሲመጣ «ማን አየው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ከሌለው ከእኛ አይለፍ።