ዋጋ መቃረም ነውር ነውን?

ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ዋጋ ይጠይቃል። በአንዱ ሱቅ ጠይቆ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው ይሄዳል፤ ሦስቱን አስተያይቶ ወደሚረክስለት ይመለሳል። ይህን በማድረጉ ሌባ ያለው ማንም የለም። ነጋዴውም ቢሆን «ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ ሄደ» ብሎ ያጉረመርም እንደሆነ ነው እንጂ ዳኛ ዘንድ አያቆመውም። በዛሬው ጊዜ ግን የገበያው አንድ ወገን ከአደባባይ ወደ ኢንተርኔት እየተዛወረ ስለሆነ፣ ዋጋ ጠያቂው በእግሩ በመዞር ፈንታ ኮምፒዩተሩን አዝዞ የሚያስጠይቅበት ዘዴ መጥቷል። ይህም ዘዴ በአንዳንዶች ዘንድ እንደ ብልሃት፣ በሌሎች ዘንድ ደግሞ እንደ ዝርፊያ ስለሚቈጠር፣ ነገሩን ከደብረ ብርሃን ገበያ አንጻር መርምረን አሳባችንን ለአንባብያን ለማቅረብ ፈቀድን።

ዘዴው ምን እንደሆነ ላልሰማ ሰው በአጭሩ እንግለጽ። ዕቃ በሚሸጥበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ «ብርድ ልብስ» ብሎ ጽፎ የሚፈልግ ሰው፣ ሥዕልና ስም፣ ዋጋና የሻጩ ከተማ በተርታ ተደርድረው ያያል። ዐይን የሚያየው ይህን ነው። ከገጹ በስተጀርባ ያለው ጽሑፍ ግን እንደ ግምጃ ቤት መዝገብ በመደብ በመደቡ የተሠመረ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ዓይነት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ለስሙ አንድ ምልክት፣ ለዋጋው ሌላ ምልክት ይደረግለታል። ስለዚህ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት መሥመር ኮድ መጻፍ የሚችል ተማሪ ኮምፒዩተሩን «ገጹን አምጣ፤ ሣጥኖቹን አንድ ባንድ ክፈት፤ ከየሣጥኑ ስሙንና ዋጋውን ቅዳ፤ ሲያልቅ ሁለተኛውን ገጽ ክፈት» ብሎ ያዝዘዋል። ሰው ቀኑን ሙሉ ቢቀዳ የማይጨርሰውን ኮምፒዩተሩ ቡና ሳይፈላ ጨርሶ፣ ቀን የተጻፈበት ሠንጠረዥ ያስረክባል። እኛ ለዚህ ሥራ ከአገራችን ቋንቋ የምንመርጥለት ስም ቃርሚያ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ በማሳው ላይ የቀረውን ዛላ የሚለቅም ሰው ባለማሳውን አይጐዳም፤ ነገር ግን ቃራሚ ነኝ እያለ ከክምሩ ነዶ የሚመዝ ቢገኝ እርሱ ሌባ ነው። ክርክሩም ሁሉ የሚያርፈው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ይህ ጉዳይ ለደብረ ብርሃን ሰው ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር መልሱ ከመንገዱ ላይ ይገኛል። ከተማችን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቤት የሚሠራ ሰው የቆርቆሮንና የብረትን፣ ባለሱቅም የሚያመጣውን ዕቃ ዋጋ በእርግጥ ለማወቅ ሲፈልግ አውቶቡስ ተሳፍሮ መርካቶ ይወርዳል፤ ወይም መርካቶ ላለ ዘመዱ ይደውላል። ዘመድ የሌለው ሰው ደላላው የነገረውን ይቀበላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ባለፈው ወር የተገዛበትን ዋጋ ይዞ መደራደር ዋጋ የለውም። የዋጋ ወሬ ፈጥኖ የደረሰው ሰው ይጠቀማል፤ ዘግይቶ የደረሰው ይከፍላል። በሌላ በኩል ደግሞ የመንዝ ሴቶች ፈትለው፣ ሸማኔው ሠርቶ ወደ ገበያ የሚያመጣው ባናና ዝተት፣ በርኖስም ጭምር፣ አዲስ አበባ ደርሶ በኢንተርኔት ላይ ስንት እንደሚጠራ ሠሪው አያውቅም። ሥዕሉን አንሥቶ የሚለጥፈው ሌላ፣ ዋጋውን የሚያውቀውም ሌላ ነው።

ዋጋ መመዝገብ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ከአንኮበር በታች ያለችው የአልዩ አምባ ገበያ፣ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ከደገኛው ጋር የሚገናኝባት ስመ ጥር ስፍራ እንደነበረች የታወቀ ነው። አሞሌ ጨው በዚያን ጊዜ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል፣ ከሚቈረጥበት ስፍራ እየራቀ በሄደ መጠን እየተወደደ ይሄድ ስለነበረ፣ ለነጋዴው ትርፍና ኪሣራውን የሚለየው በየገበያው አንድ ብር በስንት አሞሌ እንደሚመነዘር ማወቁ ነበር። በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ሻምበል ሐሪስና የእርሱን መሰል መንገደኞች በየገበያው ያዩትን ጽፈው ባይተዉ ኖሮ፣ እንደ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ያሉ ሊቃውንት የኢትዮጵያን የኢኮኖሚ ታሪክ ሲጽፉ ብዙ ይጐድልባቸው ነበር። የዛሬው የኢንተርኔት ገበያ ግን ዕቃው የተሸጠ ዕለት ማስታወቂያው ይጠፋል። ቃራሚ ካልቀረመው በቀር የ2017 ዓ.ም. የብርድ ልብስ ዋጋ ስንት ነበር ብሎ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚጠይቅ ሰው ከዚያ ገጽ ላይ የሚያገኘው ነገር የለም።

በውጭው ዓለም የዚህ ሥራ ጥቅም በጉልህ የታየው በአርጀንቲና ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ የዚያ አገር መንግሥት የሚያወጣው የኑሮ ውድነት ቍጥር ከሕዝቡ ኪስ ጋር አልገጥም አለ። ያን ጊዜ አልቤርቶ ካቫዮ የተባለ ትውልዱ አርጀንቲናዊ የሆነ የኢኮኖሚ ሊቅ፣ ታላላቅ መደብሮች በኢንተርኔት የሚያወጡትን ዋጋ በየቀኑ በኮምፒዩተር እያስቀረመ ቢያሰላው፣ እውነተኛው የዋጋ ዕድገት መንግሥት ከሚናገረው ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ካቫዮ ከሮቤርቶ ሪጎቦን ጋር ሆኖ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይህንኑ ሥራ በብዙ አገሮች አስፋፋው። በአገር ውስጥ የራሳቸውን ስሌት ያወጡ ባለሙያዎች መቀጮ ተጣለባቸው፤ የሆነ ሆኖ በ2013 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት አርጀንቲናን ስለ ቍጥሯ በይፋ ወቀሳት። በየሱቁ ደጃፍ ተለጥፎ የነበረውን ዋጋ ሰብስቦ በአንድነት ማየት ብቻ ይህን ያህል ኃይል ነበረው።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉትንም መስማት ይገባል፤ ከንቱ ነገር አይናገሩምና። ቢደርስ ኤጅ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከልዩ ልዩ የጨረታ ገጾች የዕቃ ዝርዝር እየቃረመ ገዢዎች በአንድ ስፍራ እንዲያስተያዩ ያደርግ ነበር። ኢቤይ የተባለው ታላቅ የጨረታ ገበያ «ሳልፈቅድለት በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ደጄን ያንኳኳል» ሲል ከሰሰውና፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 የካሊፎርንያ ፍርድ ቤት ቃራሚው እንዲያቆም አዘዘ። በዳኛው ዘንድ ክብደት ያገኘው ዋጋው ምሥጢር መሆኑ አልነበረም፤ ሌሎችም ተከትለው እንዲሁ ቢያደርጉ የባለቤቱ መሣሪያ በጥያቄ ብዛት ይታፈናል የሚለው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያው አገር ለሕዝብ የተገለጸውን መረጃ መሰብሰብ በራሱ ወንጀል አይደለም ወደሚለው ያዘነበሉ ፍርዶችም ተሰጥተዋል፤ ነገሩ እስከ ዛሬ አልለየለትም።

እኛ ስናየው በሁለቱም ወገን እውነት አለ። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሺህ ሰው ባንድ ጊዜ ተሰልፎ «ስንት ነው?» ቢል፣ ሊገዛ የመጣው ሰው መግቢያ ያጣል። ስለዚህ ጨዋ ቃራሚ ኮዱን ሲጽፍ በአንዱ ጥያቄና በሌላው መካከል ጥቂት ሰከንድ እንዲያርፍ ያዝዘዋል፤ በሌሊት፣ ገበያተኛ በሚቀንስበት ሰዓት ይልከዋል፤ ትናንት የቀዳውን ዛሬ ደግሞ አያመላልስም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ማርቲን ኮስተር የተባለ ባለሙያ ባቀረበው አሳብ መሠረት፣ ባለገጾች «ወደዚህ ክፍል ኮምፒዩተር አይግባ» የሚል ማስታወቂያ በደጃቸው የሚያስቀምጡበት ልማድ አለ። ማስታወቂያው አጥር አይደለም፤ ለሚያነብ ሰው ግን ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ስልክ ቍጥር መልቀም ነው። በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ከዋጋው አጠገብ የሻጩ ስምና ስልክ ይጻፋል። ወይዘሮዋ ስልኳን የጻፈችው አልጋዋን ለሚገዛ ሰው እንጂ፣ ሺህ ቍጥር ሰብስቦ «ሎተሪ ደርሶሻል» እያለ ለሚልክ አጭበርባሪ አይደለም። ይህ ነው ከክምሩ ነዶ መምዘዝ ማለት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 የግለሰብን መረጃ የሚሰበስብን ሰው በኀላፊነት ይይዛል። ዋጋን ለማወቅ የሰው ስልክ ስለማያስፈልግ፣ ኮዱ ያንን መደብ ዘሎ እንዲያልፍ ማድረግ ቀላል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ችግር እንምጣ፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ሳያስፈልግ አይቀርም። የአሜሪካው ቃራሚ የሚጣላው ከባለማሳው ጋር ነው፤ የእኛው ቃራሚ ግን ማሳው ላይ ሲደርስ ዛላ ያጣል። ምክንያቱም ሻጮቻችን ዋጋ አይጽፉም። በቴሌግራም የሚሸጠውን ዕቃ ይመልከቱ፤ ሥዕሉ ያማረ፣ ምስጋናው የበዛ ነው፤ ዋጋው ጋ ሲደርሱ «ለዋጋ ይደውሉ» ወይም «በውስጥ መሥመር ይጠይቁ» ይላል። ይጻፍ በሚልበት ገጽ ላይ ደግሞ አንዳንዱ 1 ብር ብሎ ያልፋል። ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በአንድ ብር! ኮምፒዩተር ቀልድ ስለማያውቅ ይህንን እንዳለ ይመዘግባል፤ አማካይ ዋጋ ሲያወጣም ጕድ ይፈላል።

ሻጮች ይህን የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ደዋዩን በድምፁና በአነጋገሩ ይመዝኑታል፤ ከቦሌ የደወለና ከባሶ የደወለ እኩል ዋጋ ላይነገረው ይችላል። ተፎካካሪ እንዳይሰማባቸውም ይፈራሉ። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ስፍራ እንዲለጥፍ ሲያዝዝ፣ ይህንኑ ልማድ ለማስቀረት ነበር። በመደርደሪያው ላይ ዋጋ መለጠፍ ግዴታ ከሆነ፣ ያው ነጋዴ በስልኩ መስኮት ላይ ሲሸጥ ዋጋ የሚደብቅበት ምን ምክንያት አለ? በእኛ አስተያየት የንግድ ቢሮዎች ቃራሚውን ከመከልከላቸው በፊት ደባቂውን ሊጠይቁት ይገባል።

ዋጋ በተጻፈበትም ስፍራ የፊደላችን ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ በዓለሙ የኮምፒዩተር ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቍጥር ተሰጥቶታል። ስለሆነም ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት «ጸ»ና «ፀ» ለኮምፒዩተር የ«በ»ና የ«ተ» ያህል የተለያዩ ናቸው። «የበግ ጸጉር» ብሎ የፈለገ «የበግ ፀጉር» የተባለውን አያገኝም፤ «ብርድ ልብስ» ያለ «ብርድልብስ» ተብሎ የተጋጠመውን ያጣዋል። ስለዚህ አማርኛ የሚቃርም ኮድ አስቀድሞ ሞክሼ ሆሄያትን ወደ አንድ መመለስ አለበት። በሌላ አገር የተጻፈው ኮድ ይህን አያደርግልንም፤ የእኛው ልጆች የሚጽፉት ነው።

ከዚህም ሌላ አንዱን ቤት አራት ደላሎች በአራት ዋጋ ያወጡታል፤ ኮምፒዩተሩም አራት ቤት አድርጎ ይቈጥረዋል። እንዲሁም የተጻፈው ዋጋ የተጠየቀው እንጂ የተከፈለው አይደለም። ክርክር ባለበት ገበያ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው፤ የቃርሚያውን ሠንጠረዥ የሚያወጣ ሰው ይህን በግንባሩ ላይ መጻፍ ግዴታው ነው። ደግሞም ገብስና ባቄላ፣ ቅቤና በግ በአብዛኛው በኢንተርኔት ስለማይሸጡ፣ የስታትስቲክስ አገልግሎት ሠራተኞች በየገበያው እየዞሩ የሚጠይቁትን ዋጋ ይህ ዘዴ ይተካዋል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡናንና የሰሊጥን ዋጋ በሰሌዳና በስልክ ለገበሬው እንዲደርስ ማድረጉ፣ ዋጋ በአደባባይ ሲነገር ምን እንደሚጠቅም አስረድቷል፤ ለቆርቆሮና ለብርድ ልብስ ግን እንዲህ ያለ ሰሌዳ የለም።

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የሚማሩ ወጣቶች ለመመረቂያ ሥራቸው ርእስ መፈለጋቸው አይቀርም። ቢመክሩን ኖሮ አራት ዕቃ ብቻ ይዘው እንዲጀምሩ እንነግራቸው ነበር፤ ይኸውም ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ብርድ ልብስና የእጅ ስልክ። ዋጋቸውን በየሌሊቱ ቃርመው፣ አንድ ብር የተባለውን አውጥተው ጥለው፣ የተደጋገመውን አንድ አድርገው፣ ዝቅተኛውን፣ መካከለኛውንና ከፍተኛውን ዋጋ በየሳምንቱ በትልቅ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ባናና ዝተት በኢንተርኔት በተገኘ ቍጥር ደግሞ ለብቻው ይመዝግቡልን፤ ጥቂት ቢሆንም ለመንዝ ሸማኔ ይበቃዋል። ወረቀቱም የሚለጠፈው በቢሮ ኮሪደር ሳይሆን በመናኸሪያው በር ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ዋጋ ለመጠየቅ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ትኬት ሳይቈርጥ ያነበዋልና።