ዕጢው ሳይመረመር ነቀርሳ አይባል

ኩላሊት ላይ ዕጢ ተገኘ በተባለ ጊዜ፥ በቤተ ሰቡ ዘንድ ለቅሶው ከሐኪሙ ቃል ይቀድማል። ሐኪሙም ቢሆን አስቀድሞ የሚጠረጥረው ነቀርሳን ነው። በዚህ አንወቅሰውም፤ በአዋቂ ሰው ኩላሊት ላይ የሚበቅለው ደንዳና ዕጢ አብዛኛው ነቀርሳ ነውና። የሚያሳስበን ጥርጣሬው ሳይመረመር እንደ ፍርድ የተቈጠረ እንደ ሆነ ነው።

የኤሌክትሪክ ሽቦ በላስቲክ እንደሚሸፈን ሁሉ ነርቮቻችንም ሽፋን አላቸው። ሽፋኑን የሚሠሩት ሴሎች፥ በ1839 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሴል በሰፊው በጻፈው በጀርመናዊው በቴዎዶር ሽዋን ስም ይጠራሉ፤ ከእነርሱ የሚነሣው ዕጢም ሽዋኖማ ይባላል። ነርቮች ከደም ሥር ጋር ተጣምረው ወደ ኩላሊት ስለሚገቡ፥ እጅግ አልፎ አልፎ እዚያም ይበቅላል። አብዛኛው ክፋት የለውም፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፥ ወደ ሌላም አካል አይዛመትም።

ችግሩ መልኩ ነው። አንዱን ሕመምተኛ ጎኑን ያመዋል፥ የሌላው ሽንት ደም ይቀላቅላል፥ ሦስተኛው ምንም ሳይሰማው ለሌላ ጉዳይ ሲመረመር ይገኝበታል፤ ነቀርሳም እንዲሁ ያደርጋል። አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን የዕጢውን መጠንና ስፍራ ያሳያሉ እንጂ ሽዋኖማውን ከነቀርሳው በእርግጠኛነት አይለዩትም። ስለዚህ በሕክምና መጽሔቶች ከተጻፉት ታሪኮች ብዙዎቹ አንድ ዐይነት ናቸው፤ ነቀርሳ ነው ተብሎ ኩላሊቱ በሙሉ ይወጣል፥ የዕጢው ስም የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሙን የሚያወጣለት ሕመምተኛው ፊቱን እንኳ የማያውቀው ፓቶሎጂስት ነው። ሥጋውን በስሱ ቈርጦ፥ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፥ እንደ እንዝርት የቀጠኑ ሴሎች ያያል፤ አንዱ ስፍራ ጥቅጥቅ ያለ፥ ሌላው የሳሳ ነው። አስኳሎቻቸው እንደ አጥር እንጨት ተሰድረው ቢያገኝ፥ ይህም ቬሮካይ የተባለው ሐኪም በ1910 የገለጸው ምልክት ነው፥ አሳቡ ወደ ሽዋኖማ ያደላል። ዳሩ ግን እንዝርት መሳይ ሴል ያለው የኩላሊት ነቀርሳም አለና በዚህ ብቻ አይረጋም። ኤስ 100 የተባለውን ፕሮቲን የሚለይ ልዩ ቀለም ያክልበታል፤ ሽዋኖማ ከሆነ ሴሎቹ በብዛትና በደማቁ ይቀበሉታል።

እንግዲህ ለማለት የምንወደው ይህ ነው። 4 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆኑት የኩላሊት ዕጢዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል ነቀርሳ አይደለም። ስለዚህ ዕጢው ትንሽ ሲሆን፥ ይልቁንም ሕመምተኛው ያለው አንድ ኩላሊት ብቻ ከሆነ፥ አስቀድሞ በመርፌ ናሙና መውሰድ ወይም ዕጢውን ብቻ ማውጣት ይቻል እንደ ሆነ ይታሰብበት። መርፌው ሁልጊዜ መልስ ይሰጣል አንልም፤ ትንሽ ናሙና የምታሳስትበት ጊዜ አለ። የወጣ ዕጢ ግን ሁሉ ይመርመር። «አንዴ ወጥቷል፥ ምን ያደርጋል?» ብሎ ለምርመራው ገንዘብ የሚሰስት ቤተ ሰብ፥ ነቀርሳ የሌለበትን አባት ዕድሜ ልኩን ነቀርሳ ነበረብኝ እያለ እንዲኖር ይፈርድበታል፤ ነቀርሳ ያለበትንም ክትትል ያስቀርበታል። ዘመድ ሐኪሙን «ናሙናው ተልኳል ወይ? ውጤቱስ መቼ ይደርሳል?» ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አይሆንበትም፤ የውጤቱንም ወረቀት ከቤቱ ካርታ ጋር አብሮ ያስቀምጠው።