የቆላ ከተሞቻችን ውሃና የተራ ፍትሕ

በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር፣ የሚቀዳበት ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ ከመኰንኖቹ ጉድጓድ እንዳይጠጣ በመከልከሉ፣ በምግቡም ክፋት ተማርሮ ባመፀ ጊዜ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ይዞ እርሱ ከሚበላው እንዲበሉ፣ እርሱ ከሚጠጣው እንዲጠጡ አደረጋቸው። አብዮቱን ከዚህ የሚጀምሩት ታሪክ ጸሓፊዎች ጥቂቶች አይደሉም። እኔ ግን ይህን ማንሣቴ ስለ ዙፋን መውደቅ ለመተረክ ሳይሆን፣ ያን ጊዜ በነገሌ የጎደለው ውሃ ብቻ ሳይሆን ጥገናና ፍትሕ ጭምር እንደ ነበረ ለማስታወስ ነው።

በቦረና ምድር ከፓምፕ አስቀድሞ ሥርዐት ነበረ። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ውሃው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በዜማ ሲወጣ፣ የየዕለቱን ተራ የሚደለድለው አባ ሄሬጋ ነው፤ ከብቱም ከጭቃ ገንዳ ይጠጣል እንጂ ወደ ምንጩ አይቀርብም፤ ፋንድያውም ይጠረጋል።

የከተማ ውሃ አገልግሎት ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም፤ ከከርሠ ምድር ስቦ፣ ከፍታ ላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ አውጥቶ፣ በክሎሪን አክሞ፣ ወደየቤቱና ወደየቦኖው ያወርዳል። የመለዋወጫው ዋጋ ከታሪፉ ካልተቆጠበ ግን ፓምፑ በቆመ ዕለት ባለጸጋው ቦቴ ያስመጣል፤ ድኻው ደግሞ በአህያ ጋሪ የሚዞረውን ጄሪካን ከቧንቧው ዋጋ እጅግ አስበልጦ ይገዛል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በነጠፉ ጊዜ፣ ይህ ምንዳቤ በቦረናና በጉጂ ምን ያህል እንደ በረታ የምናውቀው ነው።

ማንም ሊያወሳው የማይወድ ሌላ ነገር አለ። የተጠጣውና የታጠበበት ውሃ ረክሶ ወደ ምድር ይመለሳል፤ አዲስ አበባ ከፍሳሿ ከፊሉን በቃሊቲ ብታጣራም፣ በቆላ ከተሞቻችን ግን የየቤቱ መጸዳጃ ጉድጓድ ሞልቶ በዝናብ ጊዜ ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ይሠርጋል። ለእነዚህ ከተሞች ታላቅ ማጣሪያ ከመመኘት ይልቅ፣ ፍሳሹን የሚመጥ መኪናና ከውሃ ጉድጓድ የራቀ ማድረቂያ ሥፍራ መቅደም አለበት።

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ለቤት ውስጥ ፍጆታ ለሚውለው ውሃ ቅድሚያ ሰጥቷል። እንግዲህ የነገሌ፣ የያቤሎና የሞያሌ ሹማምንት ሆይ፣ የፈረቃውን ሰሌዳ በየቀበሌው ደጅ ለጥፉ፤ መለዋወጫውን ፓምፑ ሳይሰበር ግዙ፤ የሰፈሩ ቧንቧ በሚዘጋበት ሰዓት የሹሙም ቧንቧ ይዘጋ።